ከቁርጭምጭሚት በታች፦ እግር ላይ እጃቸውን ለሚያፍታቱ የአጥንት ሬዚደንቶች ዝርዝር መመሪያ

የእግር ኬዝ ሁሌ የኦፕሬሽን ሊስቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ጭን ይቀድማል፣ ዳሌ ይቀድማል። ከዚያ ሲኒየሩ ሲደክመው ጓንቱን እያወለቀ ወደ ጁኒየሩ ዞር ይልና «ቁርጭምጭሚቷን አንተ ጨርሳት» ይላል። እኔም የመጀመሪያዬን ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ምሳም እራትም አልበላሁም፤ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። አጥንቱን የያዘው ብረት፣ ፕሌቱ፣ ራጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሲታይ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ተከፈተና ብረቱ ፊት ለፊት ታየ። ሰውየው ኮዬ ፈጬ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ነበር። በእኔ ምክንያት ሁለት ወር አልጋ ላይ ቆየ። አጥንቱን በደንብ ነበር የገጠምኩት። ያላየሁት ቆዳውን ነው።

አሁን ትምህርቱን ጨርሼ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ እየኖርኩ እዚያው ከተማው ጫፍ ላይ እሠራለሁ። ከሥሬ የሚመጡ ሬዚደንቶች «እግር ላይ እጃችንን እንዴት እናፍታታ?» ይሉኛል። መልሴ አይጥማቸውም። ቅደም ተከተሉ ዓይን፣ አውራ ጣት፣ ጀሶ፣ ከዚያ ምላጭ ነው እላቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያንኑ ዘርዘር አድርጎ ነው። ሲኒየር አጠገባችሁ ቆሞ የምትሠሩት እንጂ አንብባችሁ ብቻችሁን የምትገቡበት እንዳልሆነ መቼም ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ጫማውን ገልብጡ

ሕመምተኛው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲመጣ ስልካችሁን አስቀምጡና እዩት። ያቺ አምስት ስድስት እርምጃ በነጻ የተገኘች ምርመራ ናት። ተረከዙን ይረግጣል ወይስ በጣቶቹ ነው የሚመጣው? ጉልበቱን ከልክ በላይ እያነሳ እግሩን ጠፍ ጠፍ የሚያደርግ ከሆነ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ወይም ነርቩ ደክሟል። ከዚያ ጫማውን አስወልቁና ሶሉን እዩ። በየት በኩል ነው ያለቀው? የጫማ ጠጋኞች ይህን ከእኛ በፊት ነው የሚያውቁት፤ እንዲያውም አንድ ሰፈሬ ያለ ጫማ ሰፊ የደንበኞቹን እግር በሶላቸው ብቻ እየለየ ሲነግረኝ አፍሬ ነው የተመለስኩት።

ሁለቱንም እግር እስከ ጉልበት አስገልጡ። ጤነኛው ነው መለኪያችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያፍራል። «ዶክተር፣ ሳልታጠብ ነው የመጣሁት» ይላችኋል፣ በተለይ በክረምት ጭቃውን አቋርጦ የመጣ ሰው። «ግድ የለም እማማ፣ ሥራዬ ነው» በሉና ራሳችሁ ዝቅ ብላችሁ ካልሲውን አውልቁ። ዝቅ ያለ ሐኪም ብዙ ነገር ይነገረዋል።

ከኋላ ቆማችሁም እዩ። ጤነኛ እግር ላይ ከኋላ በውጭ በኩል የምትታየው ትንሿ ጣትና ቢበዛ አጠገቧ ያለችው ናት። ሦስት አራት ጣት ከታየ የእግሩ ቅስት ተደርምሷል። በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን እንዲያነሳ ጠይቁት። ካቃተው፣ ወይም ሲያነሳ ተረከዙ ወደ ውስጥ ካልዞረ፣ ቅስቱን የሚደግፈውን የኋለኛውን ቲቢያሊስ ጅማት ጠርጥሩ። ቀጥሎ አስተኝታችሁ ጉልበቱን ዘርግታችሁም አጥፋችሁም ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ግፉ። ጉልበቱ ሲዘረጋ እምቢ ብሎ ሲታጠፍ እሺ ካለ፣ ያጠረው የባቱ ላይኛው ጡንቻ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ የአኪለስ ጅማቱ ራሱ አጥሯል። ይህች የአንድ ደቂቃ ምርመራ የሚቆረጠውን ቦታ ትቀይራለች።

አሁን አውራ ጣት። አንድ እግር ላይ 26 አጥንት አለ፤ አብዛኛው ከቆዳው ሥር ነው፣ በጣት ይገኛል። የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እስክሪብቶ ያዙና የዶርም ጓደኛችሁን እግር ሸራ አድርጉት። የሁለቱን ቁርጭምጭሚት ጫፍ፣ የአምስተኛውን ሜታታርሳል (ከትንሿ ጣት ጋር የሚያያዘው ረጅም አጥንት) ሥር፣ የናቪኩላርን (መሀል እግር ላይ በውስጥ በኩል ያለው አጥንት) ጉብታ፣ የታለስን (ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ የምትቀመጠው አጥንት) ጭንቅላት፣ ሁለቱን የደም ሥር ምት ምልክት አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ማግኘት እስክትችሉ ድገሙት። እኔ የወንድሜን እግር ነበር የምጠቀመው፤ አንድ ቀን ሳይታጠብ ሥራ ሄዶ ሲስቁበት ውለዋል።

ራጅ ሳታዩ ራጅ ገምቱ

እየመዘገባችሁ ተለማመዱ፦ ራጁ ከመምጣቱ በፊት የጠረጠራችሁትን ካርዱ ላይ ጻፉ። ከዚያ ራጁ ሲመጣ ራሳችሁን አርሙ። ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ይሄ ነው።

ማን ራጅ ያስፈልገዋል ለሚለው እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ውስጥ የወጣው የኦታዋ ሕግ አለላችሁ። ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የአንዱ ኋለኛ ጠርዝ ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሲጫን ካመመ፣ ወይም ሰውየው ጉዳቱ ሲደርስም እናንተ ጋ ሲመጣም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ አንሱት። ለመሀል እግር ደግሞ የአምስተኛው ሜታታርሳል ሥርና ናቪኩላር ናቸው የሚጫኑት። ማሽኑ ተበላሽቶ ሰው ውጭ ለመነሳት በባጃጅ በሚላክበት ቀን ይህን ሕግ ማወቅ የድሃን ኪስ ያድናል።

ቁርጭምጭሚት ሲነሳ ከፊትና ከጎን ብቻ አይበቃም። እግሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ዞሮ የሚነሳው ሦስተኛው ራጅ ላይ ነው መገጣጠሚያው ዙሪያውን እኩል የሚታየው። በውስጥ በኩል ያለው ክፍተት ከ4 ሚሊ በላይ ከሰፋ ተጠራጠሩ። «አንድ ሁለት ሚሊ ምን ታደርጋለች?» የሚል ሬዚደንት በየዓመቱ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ በአስከሬን እግር ላይ የተሠራ ታዋቂ ጥናት አለ፤ ታለስ 1 ሚሊ ወደ ውጭ ስትንሸራተት የመገናኛው ስፋት በ42 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳየ። ያው ክብደት ከግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ቦታ ላይ ተጫነ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ማለቅ ከዚህ ይነሳል።

የፊቡላን (በውጭ በኩል ያለው ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት) ስብራት ዌበር ኤ፣ ቢ፣ ሲ ማለት ትችላላችሁ፤ ስብራቱ ከመገጣጠሚያው በታች ነው፣ እኩል ነው ወይስ በላይ የሚለውን ይነግራችኋል። ላውገ ሃንሰን የሚባለውን የስብራት አከፋፈል ማጥናቱ አሰልቺ ነው፣ እኔም አልወደውም፣ ግን እግሩ እንዴት ተጠማዞ እንደተሰበረ ካወቃችሁ እንዴት መልሳችሁ እንደምታዞሩት ታውቃላችሁ።

ሦስት ወጥመዶች አሉ፣ እነዚህን ብቻ በቃላችሁ ያዙ።

አንደኛው ከጉልበት ሥር ያለው ነው። ቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል አብጦ ራጁ ላይ ስብራት ካላያችሁ፣ ፊቡላን እስከ ጉልበት ድረስ እየጫናችሁ ውጡ። ላይ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ትንሹ ራጅ ደግሞ እዚያ አይደርስም።

ሁለተኛው ሊስፍራንክ ነው፣ የመሀል እግር መገጣጠሚያ ጉዳት፣ በናፖሊዮን ዘመን በነበረ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ስም የሚጠራው። ባጃጅ እግሩ ላይ የሄደችበት፣ ከጋሪ ሲወርድ እግሩ የተጠመዘዘ ሰው ይመጣል። «ወለምታ ነው» ተብሎ ይሸኛል። የእግሩን መዳፍ ገልብጡና እዩ፤ መሀሉ ላይ የጠቆረ ደም ካለ ወለምታ አይደለም። ሰውየው መቆም ከቻለ ሁለቱንም እግር አቁማችሁ አንሱ። የሁለተኛው ሜታታርሳል ውስጠኛ ጠርዝ ከኋላው ካለው አጥንት፣ ከመሀለኛው ኩኒፎርም፣ ውስጠኛ ጠርዝ ጋር አንድ መስመር መሆን አለበት። ተኝቶ የተነሳ ራጅ ላይ ደህና የሚመስል እግር ሲቆም ይበተናል።

ሦስተኛው የኛ ሰፈር ነው፦ ተረከዝ። ከተማው ዳርቻ ላይ የሚገነባው ሕንፃ ብዛት ይታያችኋል፤ አብዛኛው መወጣጫ የባህር ዛፍ እንጨት በሚስማር የተመታ ነው። ሰው ሲወድቅ በተረከዙ ያርፋል። የጎን ራጁ ላይ የተረከዙን አጥንት ከፍታ የሚያሳየውን የቦህለርን ማዕዘን ለኩ፤ ጤነኛው ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ተረከዙ ተደፍጥጧል። ግን ተረከዙን ስታዩ ጀርባውን እንዳትረሱ። ከአሥሩ ገደማ አንዱ ወገቡም ተሰብሮ ነው የሚገኘው። የእግሩ ሕመም ስለሚበረታ ሰውየው ራሱ ወገቡን አይነግራችሁም። ሌላኛውን ተረከዝም ጫኑ።

ጀሶ ክፍል ሳትገቡ ኦፕሬሽን ክፍል አትግቡ

ጀሶ የሚያስሩ ባለሙያዎችን ናቅ የሚያደርግ ሬዚደንት አይቼ አውቃለሁ። ሞኝነት ነው። ሃያ ዓመት ጀሶ ያሰረ ሰው እጁ ላይ ያለውን ነገር የትም መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልያዝልዎት» ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ እግር ትይዛላችሁ፣ ቀጥሎ ጥጡን ትጠቀልላላችሁ፣ ከዚያ ነው ጀሶው የሚሰጣችሁ።

ለተሰበረ ቁርጭምጭሚት መጀመሪያ የሚታሰረው ከኋላ ብቻ የሚደገፍ ግማሽ ጀሶ ነው፤ እብጠቱ መተንፈሻ ይፈልጋል። ተረከዙና ሁለቱ ጉብታዎች ላይ ጥጡን ደረብ አድርጉ። ቁርጭምጭሚቱ 90 ዲግሪ ይሁን። በመዳፋችሁ እንጂ በጣታችሁ አትቅረጹ፤ የጣት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቆዳ ይበላል። ውኃው በጣም ከሞቀ ጀሶው ቶሎ ይደርቃል፣ ሕመምተኛውንም ያቃጥላል። ጣቶቹ በሙሉ ይታዩ። ማታ ሕመሙ ከብሶ የሚያለቅስ፣ ጣቱን ስታንቀሳቅሱት የሚጮኽ ሰው ካለ ማስታገሻ ከመጨመራችሁ በፊት ጀሶውን እስከ ቆዳው ድረስ ክፈቱት።

ተረኛ ሆናችሁ የወለቀ ቁርጭምጭሚት ከመጣ ራጅ አትጠብቁ። አጥንቱ ቆዳውን ከውስጥ ወጥሮት ነጭ ካደረገው ያ ቆዳ እየሞተ ነው። ምቱን ዳስሱ፣ ጻፉ። ማስታገሻ ስጡ። ጉልበቱን አጥፉት፣ ባቱ ይላላል። ተረከዙን ይዛችሁ ረጋ ብላችሁ ሳቡ፣ ከዚያ ከወለቀበት በተቃራኒ መልሱት። ሲገባ በእጃችሁ ይሰማችኋል። ምቱን እንደገና ዳስሱ፣ እንደገና ጻፉ። በጀሶ ደግፉት፣ ከዚያ ራጅ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፦ ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን። ስፔን ተወልዶ አሜሪካ አዮዋ የሠራው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ያመጣው ዘዴ ነው ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት። አዲስ አበባ ውስጥ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል በዚህ ሥራ ይታወቃል፤ እዚያ ለልምምድ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ አትለፉት። ለምን ለቀዶ ሐኪም ጠቃሚ ነው? ምክንያቱም የእግር አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚዞሩ በመዳፋችሁ የምትማሩበት ብቸኛ ቦታ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የአውራ ጣቱን ሜታታርሳል ወደ ላይ አንስታችሁ የእግሩን ጉድጓድ ትዘረጋላችሁ። ከውጭ ሲታይ እግሩን ይበልጥ ያጣመማችሁት ይመስላል፤ እናትየው ትደነግጣለች፣ ቀድማችሁ ንገሯት። ከዚያ በየሳምንቱ አውራ ጣታችሁን የታለስ ጭንቅላት ላይ በውጭ በኩል አሳርፋችሁ የእግሩን ፊት ወደ ውጭ ቀስ እያላችሁ ትወስዳላችሁ። ተረከዙን አትንኩ። በራሱ ጊዜ ይከተላል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አውራ ጣቱን ወደፊት አንሸራቶ ኩቦይድ የሚባለው የውጭ ጎን አጥንት ላይ ያደርገዋል፣ ተረከዙም ይቆለፋል። ጀሶው ከጉልበት በላይ ይወጣል፣ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ። ከ5 እስከ 7 ጀሶ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

እግሩ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ወደ ውጭ ከሄደ በኋላ ተረከዙ ካልወረደ የአኪለስ ጅማቱ ይቆረጣል። ከአሥር ሕፃናት ስምንት ዘጠኙ ይህን ይፈልጋሉ። በቦታ ማደንዘዣ፣ ከተረከዙ ከአንድ ሴንቲ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቀጭን ምላጭ፣ ሙሉ በሙሉ። «ጧ» ሲል ይሰማችኋል፣ እግሩም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ተጨማሪ ወደ ላይ ይመጣል። ከዚያ የሦስት ሳምንት ጀሶ፣ ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ። ጫማው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎ በእንቅልፍ ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ዕድሜ ይደረጋል። ኡጋንዳ ውስጥ የተሠራው የስቴንቢክ ጫማ በአካባቢ ቆዳና ብረት የሚዘጋጅ ስለሆነ ለእኛ አገር ይመቻል። በሽታው የሚመለሰው ጀሶው ስለከፋ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ጫማው አልጋ ሥር ስለተረሳ ነው። ለእናትየው ብቻ ሳይሆን ቤት ለምትውለው አያት ወይም ሞግዚት ንገሩ። ጫማውን የምታወልቀው እሷ ናት።

ቀርከሃና የበግ እግር

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ መሰርሰሪያ መጀመሪያ የምትይዙበት ቦታ የሰው አጥንት መሆን የለበትም። እንጨት መሸጫው ጥግ ላይ ቀርከሃ አለ፣ በጥቂት ብር ትገዛላችሁ። መሀሉ ባዶ ነው፣ ልክ እንደ ረጅም አጥንት። ወዲህኛውን ግድግዳ ብሱ፣ ባዶውን እለፉ፣ ወዲያኛውን ስትበሱት እዚያው ቁሙ። ጀማሪ ሁሉ በግራ እጁ ስለማይደግፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ወዲያ ያልፋል። ሰው ላይ ቢሆን እዚያ ነርቭ ወይም ደም ሥር አለ። ከቀርከሃው ጀርባ ካርቶን ለጥፉ። ካርቶኑ ሳይበሳ አሥር ቀዳዳ በተከታታይ ስትሠሩ ወደ አጥንት ለመሄድ ደርሳችኋል።

ለጅማት ደግሞ በግ። የፋሲካ ማግሥት ሰፈራችን ውስጥ የበግ እግር በየደጁ ነው። ቆዳውን ግፈፉት፣ ከሰኮናው በላይ ያሉትን ጅማቶች አውጡ። ቆርጣችሁ በክራካው ስፌት ግጠሙ፤ በሁለቱም ጎን እየቆለፈ የሚወጣው፣ ለተበጠሰ አኪለስ የምንጠቀመው ነው። ከዚያ ክብደት አንጠልጥሉበት። የእኔ የመጀመሪያው ስፌት ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ አልቻለም። ባለቤቴ ኩሽናውን ስትገባ ያለችውን አልጽፈውም። ጓንት አድርጉ፣ ከምግብ ቦታ አርቁ፣ ሲያበቃ ቅበሩት።

ወደ ቁርጭምጭሚቱ ስትገቡ

ከማታው ጀምሩ። የስብራቱን መስመር ወረቀት ላይ ገልብጡና ብሎኖቹን በቁጥርና በርዝመት ሳሉበት። ጠዋት ለሲኒየሩ አሳዩት። ሥዕል ይዞ የመጣ ሬዚደንት ምላጩ ይሰጠዋል፣ ይህ የትም ያው ነው። ብሎኑ በእርግጥ መኖሩንም ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ «አለ» የተባለ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲፈለግ የሚጠፋበት ቀን አለ።

ሰውየውን በጀርባው አስተኙት፣ ከተሰበረው ጎን ዳሌው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አግቡ፤ እግሩ ወደ ውጭ ከመውደቅ ይቆማል። ቱርኒኬት ከታሰረ ሰዓቱ ይጻፍ፣ ከሁለት ሰዓት አይለፍ።

በውጭ በኩል ፊቡላ ላይ ቀጥ ብላችሁ ግቡ። ቆዳውን ከሥሩ አትፈልቅቁት፣ በፒንሰትም አትጭመቁት። ቆረጣው ወደ ላይ ከረዘመ የላይኛው ፔሮኒያል ነርቭ ያቋርጣችኋል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ጫፍ 10 ሴንቲ ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ እዚያ ምላጩን አስቀምጣችሁ በመቀስ ጫፍ ፈልጉት። የስብራቱን አፍ አጽዱ። የረጋው ደምና የተጨመቀው ሽፋን ካልወጣ አጥንቱ አይገጥምም፣ እናንተም መያዣውን እያጠበቃችሁ ላባችሁ ይንጠባጠባል። ርዝመቱ ሲመለስ ጥርሶቹ እንደ ዚፕ ይገባሉ። ከዚያ መያዣ።

አሁን የሚጨምቀው ብሎን፦ ወዲህኛውን ግድግዳ በ3.5 ሚሊ፣ ወዲያኛውን በ2.5 ሚሊ ብሱ፤ ብሎኑ የሚይዘው ወዲያኛውን ብቻ ስለሆነ ሲጠብቅ ሁለቱን ያቀራርባል። የስብራቱን መስመር ቀጥ ብሎ ማቋረጥ አለበት። ቀጥሎ ቀጭኑን ፕሌት አጥንቱ እንዲስማማው አጥፋችሁ አስቀምጡ። የታችኛዎቹ ብሎኖች መገጣጠሚያው ውስጥ እንዳይገቡ አጭር ይሁኑ።

በውስጥ በኩል ከተሰበረ ሁለት ባለ 4.0 ሚሊ ብሎን ይበቃል። ሳፌነስ ደም ሥርና ነርቩ ከፊት ለፊት ናቸው፣ አክብሯቸው። ሲያልቅ ፊቡላን በመንጠቆ ወደ ውጭ እየሳባችሁ በሲአርም (ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽ ራጅ) እዩ። ከቲቢያ (ከትልቁ የቅልጥም አጥንት) ከተላቀቀ ሁለቱን የሚያያይዘው ማሰሪያ ተበጥሷል፤ ከመገጣጠሚያው 2 ወይም 3 ሴንቲ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ወደ ፊት 30 ዲግሪ ገደማ ተዘንብሎ ብሎን ይገባል። ፊቡላ ቦታዋ ላይ መሆኗን ሳታረጋግጡ ግን ያንን ብሎን አታጥብቁ፤ በተሳሳተ ቦታ የተቸነከረች ፊቡላ ካልተቸነከረችው ትከፋለች።

ቆዳው ሳይፈቅድ አትቁረጡ

ወደ መጀመሪያው ታሪኬ ልመለስ። ያ ሰው በወደቀ በሦስተኛው ቀን ነበር የገባሁበት። እግሩ እንደ ተነፋ ጎማ የሚያብረቀርቅ ነበር፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ውኃ ቋጥሯል። አይቼዋለሁ፤ ግን ተራው ደርሶ ነበር፣ አልጋ ይፈለግ ነበር፣ እኔም መሥራት ፈልጌ ነበር።

ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ሲሸበሸብ ጊዜው ደርሷል። ካልሸበሸበ እግሩን ከልቡ በላይ ሰቅላችሁ ጠብቁ። ሰባት ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት። ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ አልቆም ካለ ከውጭ በሚታሰር ብረት አቁሙትና ጠብቁ። ተረከዝ ደግሞ የባሰ ነው፤ በውጭ በኩል የሚደረገው ትልቁ ኤል ቅርጽ ያለው ቆረጣ ጥጉ ላይ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች አሁን በሳይነስ ታርሲ (ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ሥር ያለው ጎድጓዳ) ላይ በአጭር ቆረጣ ይገባሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ጭራሽ አለመቁረጥም ምርጫ ነው። መጠበቅ የማይቻለው የተከፈተ ስብራትና አልመለስ ያለ ውልቃት ብቻ ነው፤ የተከፈተው ወዲያው አንቲባዮቲክና እጥበት ይፈልጋል።

ሲኒየራችሁ «ግባ» ቢል እንኳ የቆዳውን ፎቶ በሕመምተኛው ፈቃድ አንስታችሁ አሳዩት። ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል፤ እሱም በጨርቅ የተሸፈነ እግር ነው ያየው።

የማይሰማው እግር

የማያመው እግር ከሚያመው ይበልጥ ያስፈራኛል። ባለ 10 ግራሙን ቀጭን ክር ይዛችሁ መዳፉን ንኩ፤ እስኪታጠፍ ተጭኖ ካልተሰማው ያ ሰው ሚስማር ረግጦ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ቀይ፣ ትኩስ፣ ያበጠ እግር ያለው የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ከሌለው ወዲያው «ኢንፌክሽን» ብላችሁ አትክፈቱት። እግሩን ለጥቂት ደቂቃ ከፍ አድርጉት፤ ቅላቱ ከጠፋ ሻርኮ፣ ስሜት ያጣ እግር አጥንቱ የሚፈራርስበት በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚታከመው በጀሶ ነው።

ይህን ለመማር አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ከሁሉ ይሻላል። ሰፈሩ ሆስፒታሉ ሲቋቋም ከከተማ ውጭ ነበር፣ አሁን ከተማው ውጦታል። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው። ነርቭ የሞተበት እግር ላይ ያለው ዕውቀት ሁሉ ለስኳር በሽተኛም ይሠራል፦ መዳፉን ሙሉ በሙሉ የሚነካው ጀሶ፣ ቁስሉን ከጫና ማሳረፍ፣ የወደቀን እግር የኋለኛውን ቲቢያሊስ ጅማት ወደ ፊት አዙሮ ማንሳት። ከደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግሩ ኖሮ ዝሆኔ የያዘው ሰው ሲመጣም ስብራቱን ከማሰባችሁ በፊት ቆዳውን በየቀኑ አስጥባችሁ አዘጋጁት፤ ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባት፣ ጫማ።

ስንተኛ ፎቅ ነው?

ሕመምተኛው ሲሸኝ «ለስድስት ሳምንት አትርገጥ» ማለት ቀላል ነው። እስቲ ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ የት ነው የሚኖሩት? ስንተኛ ፎቅ?» ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ወይም የጭቃ ቤት፣ መጸዳጃው ጉድጓድ፣ ቁጢጥ ካላሉ የማይሆን። ቁጢጥ ማለት ቁርጭምጭሚት እስከ መጨረሻው መታጠፍ ነው። ክራንች ይዞ ደረጃ መውጣትን ከመሄዱ በፊት ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ አለማምዱት። በክረምት ጀሶውን በፌስታል እንዲያስር አሳዩት፣ ማታ ማታ እንዲፈታውም ንገሩት፤ አለበለዚያ በላቡ ይርሳል።

ስለ ወጌሻም አትቆጡ። ብትቆጡ ሄዶ አይነግራችሁም። «ቢሄዱም አጥብቆ እንዳያስሩብዎት፤ ጣትዎ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ በዚያው ሌሊት ይምጡ» በሉት። በጥብቅ እስራት እግር ሲሞት ያየ ሰው ይህን ሳይናገር አይሸኝም።

የመጨረሻ የቤት ሥራ፦ የሥራ መዝገባችሁ ላይ ኬዙን ስትጽፉ «ረዳሁ» ወይም «ሠራሁ» ከሚለው አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሩና ባዶ ተዉት። በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ሲመጣ ሂዱና እዩት፣ ካልመጣ ደውሉለት። ረግጧል? ቁስሉ ደርቋል? ሥራ ጀምሯል? ያንን ባዶ ዓምድ ሙሉት። የእኔው ሰውዬ ስልኬን እስካሁን ይዞታል፤ ባለፈው ደውሎ ብረቱ በብርድ ጊዜ ያመኛል፣ ይውጣልኝ አለኝ። ሐሙስ ቀጥሬዋለሁ፤ አሁን ቆዳውን ነው መጀመሪያ የማየው።